ዘጠኝ ቁጥር እኛ ቤት ያደረበት ሳምንት

ዓርብ

አለ። ዘጠኝ ቁጥር አለ። በዓይኔ በብረቱ አየሁት፣ በእጄ ያዝኩት፣ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ በጀርባው ተኝቶ ያየኛል።

ቀስ ብዬ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ነገ እኔም አላምነውም።

እንደ ልማዴ ሹሩባ ቤቴን ዘግቼ፣ ኸርጡም ካለው ሰፈራችን ከጀሪፍ፣ እዚህ ራክሻ በሚሉት ባጃጅ አርካዊት ሄድኩ። ዓርብ ዓርብ ከአስር ሶላት በኋላ ካርድ ሰብሳቢዎቹ ሻይ ከምትሸጠዋ ሴት አጠገብ፣ ኒሟ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ። ሁሉም ትልልቅ ወንዶች ናቸው። ጡረተኛ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ አንድ የጥርስ ሐኪምም አለ። ሴት እኔ ብቻ፣ ሐበሻም እኔ ብቻ። የሚሰበስቡት የድሮ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ካርድ ነው፤ ያ ድሮ ከማስቲካ ጋር አብሮ ተጠቅልሎ ይወጣ የነበረው። ሁለት ሁለት ያላቸውን፣ እነሱ ሙከረር የሚሉትን ትርፍ፣ ይዘው ይመጡና ይለዋወጣሉ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን "ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ባልሽን ነው የምትፈልጊው?" ብለውኝ ነበር። አሁን የኔ የካርድ ቆርቆሮ ሳይከፈት ሻይ የሚያዝ የለም። ዛሬ ልኩራራ፤ ማን ያየኛል።

ካርዶቹ እርግጥ የአባዬ ናቸው። አዲስ አበባ ልጅ ሳለ የሰበሰባቸው፣ የሚደግፈው ቡድን ተጫዋቾች። መተማን አቋርጠን ስንሰደድ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ያን ጊዜ ድስቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ የእናቴን የሠርግ ፎቶ ሳይቀር ጥሎ ካርዶቹን በጃኬቱ ገበር ሰፍቶ አመጣቸው። እናቴ ነፍሷን ይማረውና እስክትሞት ይቺን አልረሳችለትም።

ስብስቡ ሃያ አራት ነው። ሃያ ሦስቱ ተጫዋቾች፣ የመጨረሻው የቡድኑ የጋራ ፎቶ። ከሃያ አራቱ የሚጎድለን አንድ ብቻ፤ ዘጠኝ ቁጥር፣ አጥቂው። አባዬ ዘጠኝ አልታተመም ባይ ነው። "ልጅ ሁሉ ማስቲካ እየገዛ እንዲከስር ሆን ብለው አስቀሩት፤ ዘጠኝ የለም" ይላል። ደጃፋችን ላይ አብሮት ዳማ የሚጫወተው ጋሽ ተፈሪ ደግሞ አለ ባይ። ሁለቱ አዲስ አበባ አንድ ሰፈር አድገው፣ እዚህም አንድ ሰፈር ተሰደው፣ ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ይጨቃጨቃሉ። ፖለቲካውን ተዉት፤ ይሄን አልተዉም።

ታዲያ ዛሬ ኡስታዝ ሙርተዳ አዲስ አልበም ይዘው መጡ። ኡስታዝ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ ጀላቢያቸው ሁሌ እንደተተኮሰ ነው። አጎታቸው በደጉ ዘመን ከገዳሪፍ ጎንደር ጭነት ያመላልሱ ነበር፤ ሲመለሱ የሐበሻ ማስቲካ በካርቶን ይዘው ይመጡላቸው ነበር። ገጹን ሲገልጡት ዘጠኝ ቁጥር ቁጭ ብሏል። አንድ አይደለም፤ ሁለት። ጎን ለጎን፣ እንደ መንታ።

ከዚያ ያለኝን ሙከረር ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። በረኛውን፣ ሁለቱን ተከላካዮች፣ ሦስት ያለኝን አጭሩን አማካይ። አይ ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ቆይተው የቡድኑን የጋራ ፎቶ አነሡ፤ እሱም ሁለት አለኝ። ከተጫዋቾቹ እግር ሥር ያለችው ቁጥር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። 1963 ትላለች። መነጽራቸውን አውልቀው፣ በጀላቢያቸው ጠርገው፣ መልሰው አዩ።

"ይህን ስጪኝና ዘጠኝን ውሰጂ" አሉ።

ለምን እንደሆነ ገባኝ። ሐሰን የሚባል የጨርቅ ነጋዴ አለ፤ 1965 የምትል የሱዳን ካርድ አለችውና በሷ ሁሉንም ሲያናድድ ይኖራል። ከመሀላችን በዕድሜ የሚበልጣት ካርድ ያለው የለም። እኔም ሳልውል ሳላድር እሺ አልኩ።

እዚያ ሕግ አለ። ልውውጥ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ካርድ ማደር አለበት። እኔ የሳቸውን፣ እሳቸው የኔን ይዘን ቤታችን እንገባለን። እስከሚመጣው ዓርብ ልቡ ያልረጋ ካለ ይመልሳል፤ ማንም ለምን አይለውም። ዓርብ ሁለታችንም ካርዶቹ ላይ እጃችንን አድርገን እነሱ ፋቲሐ የሚሉትን ጸሎት ሲያደርሱ እኔ አሜን ስል ያኔ ጸደቀ።

አባዬ ዛሬ ጉልበቱ ጠዝጥዞት ገና ሳልመጣ ተኝቷል። ነገ አሳየዋለሁ። እንዴት አድርጌ ነው እስከ ነገ የምቆየው።

ቅዳሜ

"ፎርጅድ ነው" አለ አባዬ።

ከዚያ ወደ በሩ ወስዶ በፀሐይ አየው። ጀርባውን አየ። አሸተተው። ከበረኛው ጋር አስጠግቶ ወረቀቱን አመሳከረ። ቁጭ አለ። ዘጠኝ ቁጥር ፀጉሩን ከጎን የከፈለ፣ አንድ ካልሲው የወረደ፣ ፎቶ አንሺውን እንደናቀ የቆመ ሰው ነው። አባዬ አፍጥጦ ሲያየው ቆየና "ካልሲውን እንኳ መሳብ አቃተው?" አለ። ድምፁ ግን ተሰብሮ ነበር።

የተናደደው ኡስታዝ ሁለት እንዳላቸው ስነግረው ነው። "እኛ መንጋጋችን እስኪላላ ስናኝክ፣ ለካ ዘጠኝን ሰብስበው ወደ ሱዳን ጭነውት ኖሯል" አለ። ሳራ፣ ልጄ፣ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ውስጥ ሮጠች። እሷ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት፤ ለካርድ የሚያለቅስ አያት አይገባትም።

ከዚያ እጄን ያዘኝ። "አስኩ፣ ያንን ሁሉ ልጅ ያቃተውን አንቺ አመጣሽው" አለኝ። አባዬ ማሞገስ አይወድም። ዩኒቨርሲቲ ያልገባሁ ጊዜ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ሹሩባ ቤት ስከፍትም "መልካም" ብቻ ነው ያለኝ። ዛሬ ግን አንጀቴን ቅቤ አጠጣው።

ለጋሽ ተፈሪ ግን እንዳይነገር አለ። "ገና ያደረ ካርድ ነው፣ የኛ አይደለም። ዓርብ ሲጸድቅ ራሴ አሳየዋለሁ።" ነገሩ ሌላ መሆኑን አውቃለሁ። ተሸነፍኩ ለማለት ሳምንት ያስፈልገዋል።

ጋሽ ተፈሪ ዳማውን ይዞ ሲመጣ ዘጠኝ ቁጥር አባዬ ትራስ ሥር ነበር። አባዬ ሦስት ጊዜ ተበላ። ልቡ የት እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው።

እሑድ

ጉድ ፈላ።

ጠዋት ቁርስ ላይ አባዬ እንደ ዋዛ "ለመሆኑ ምን ሰጠሽው ለሰውየው?" አለኝ። የቡድኑን ፎቶ አልኩት። "ከዚያ ሁሉ ካርድ እሱን ለምን መረጠ?" ቁጥሩ 63 ስለሚል፣ ከሐሰን ካርድ በዕድሜ ስለሚበልጥ አልኩት።

አባዬ ፉሉን በእጁ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። ውሃ ሰጠሁት።

"የኛ ስልሳ ሦስት ኮ ነው" አለ። "የኛ። የነሱ ሰባ፣ ሰባ አንድ መሆኑ ነው።"

ካርዱን፣ የቀረውን ሁለተኛውን፣ አውጥቼ አየሁት። ከቁጥሩ ጎን በደቃቁ ዓ.ም. ይላል። ኡስታዝ አማርኛ አያነቡም፤ ቁጥሯን ብቻ ነው ያዩት። እኔስ? እኔ ተምሬ ያደግሁት እዚህ ነው፤ የኪራይ ውሉም፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃዱም፣ የሳራ ትምህርት ቤትም በነሱ አቆጣጠር ነው። የኛ ዘመን እንቁጣጣሽ ሲደርስ ብቻ ትዝ የሚለኝ ሰው ነኝ። ከፎቶው ሥር ያለውን ቁጥር ሺ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቀን የየትኛው ዘመን ነው ብዬ አላውቅም።

ስለዚህ ሐሰን ነው የሚበልጠው። አሁንም። በአምስት በስድስት ዓመት።

አባዬ "አንቺ ምን ዋሸሽ? የተጻፈውን ራሱ ነው ያነበበው" አለኝ። ደግሞም ጨመረበት፤ "ስልሳ ሦስት ማለት ስልሳ ሦስት ነው። ዘመን የሚያሳስቱት እነሱ ናቸው።" ሳራም ከሱ ወገን ሆነች። "ማማ፣ ኸላስ፣ በቃ። እሱ ራሱ ነው የመረጠው። ኢንቲ ማሊክ?" አንቺ ምን አገባሽ ማለቷ ነው። አያትና የልጅ ልጅ ተስማምተው ያየሁት ዛሬ ብቻ ነው።

ካርዱን ወደ ቆርቆሮው መለስኩት። ክዳኑን ከፍቼ ግን ቁጥሩን ደግሜ አየሁት።

ሰኞ

አራት ራስ ሠራሁ። አንዷ "ምነው ዛሬ ጸጉሬን እንደ ጠላት ትጎትቺዋለሽ?" አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት።

ኡስታዝ ደወሉ። ድምፃቸው እንደ ወጣት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአርካዊት ክበብ አዳራሹን ሊያውሰን ነው፤ የካርድ ዐውደ ርእይ። መሀል ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ በዕድሜ ሁሉን የሚበልጠው ካርድ ይቀመጣል። "ስምሽም ይጻፋል፤ ከአስካለ የተገኘ ይላል" አሉኝ። ለሐሰንም ነግረውታል። ሐሰን ይህን ሲሰማ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ አሉ፣ እየሳቁ።

ስሜ በመስታወት ሥር። የኔ ስም፣ ሐበሻዊያ፣ ሹሩባ ሠሪ፣ ከነዚያ ሁሉ ሰውዬዎች በላይ። ለአንድ አፍታ ልቤ ዘለለች፤ መካድ አልችልም።

"ኢንሻ አላህ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ማክሰኞ

ልነግራቸው ሄድኩ። አልነገርኳቸውም።

አርካዊት ቤታቸው ድረስ በሞወሰላት፣ በሕዝብ ማመላለሻው፣ ቆሜ ሄጄ፣ ሁለት ሚኒባስ ቀይሬ፣ አቧራ ለብሼ ደረስኩ። በሩን ባለቤታቸው ከፈቱልኝ። ቀዝቃዛ ከርከዴ ቀረበልኝ። ኡስታዝ የመስታወቱን ሣጥን ሊያሳዩኝ ከመኝታ ቤት ተሸክመው መጡ። ራሳቸው ነው የሠሩት። ውስጡን አረንጓዴ ቬልቬት አልብሰውታል፤ ማዕዘኑ ትንሽ ተዛንፏል። "ከባለቤቴ የምሽት ቀሚስ ቆርጬ ነው፤ እንዳትነግሪያት" አሉኝ፤ ባለቤታቸው ከጀርባቸው ቆመው እየሰሙ።

አርባ ዓመት ካርታ እያሳዩ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ተማሪዎቻቸው ሚኒስትር የሆኑ፣ ውጭ አገር የሄዱ አሉ። ሐሰን አጠገብ ግን ዓርብ ዓርብ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚቀመጡት፤ ሐሰን ድምፁ ትልቅ ነው፣ ከሳቸው ሃያ ዓመት ቢያንስም። አሁን አንገታቸው ቀና ብሏል። ይቺን አንገት እኔ እንዴት አድርጌ ነው መልሼ የምሰብራት?

"ጥሩ ነው፣ ያምራል" አልኩ። ከርከዴዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ቤት ስገባ አባዬ ዘጠኝን ከሃያ ሦስቱ ጋር ወለሉ ላይ ደርድሮ፣ እንደ አሰልጣኝ አሰላለፍ ሠርቶላቸው ነበር። አጥቂ መስመሩ ሞልቷል። "ይሄው፣ አሁን ቡድን ሆነ" አለኝ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ሰውዬ አላውቀውም፤ በዕድሜ ከኔ ያንሳል።

ታዲያ በምን አፌ።

ረቡዕ

ከሰዓት ዘይነባ መጣች። የወሎ ልጅ ናት፣ እዚሁ አል-ጣኢፍ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ማዳሟ ለሐዘን ወደ መደኒ ከተማ ስለሄደች እረፍት አገኘች። ጸጉሯን እየሠራሁ ሁሉን ዘረገፍኩላት። ዘይነባ የነገሩትን ነገር ሰምታ ዝም የምትል ሰው አይደለችም፤ ለዚህ ነው የምነግራት።

"የሰው ወርቅ አያደምቅ" አለችኝ።

"የቱ ነው የሰው ወርቅ?" አልኳት። "ዘጠኝ ነው ወይስ ስልሳ ሦስቱ?"

"ሁለቱም እንጂ። አንቺ የሱን ወርቅ ይዘሽ፣ እሱ ያልኖረውን ዕድሜ ይዞ።" ከዚያ መስታወቱ ውስጥ አየችኝ። "ደግሞ ስሚ። ዐውደ ርእዩ ላይ ሐበሻ አይገባም ያለሽ ማነው? ኸርጡም ውስጥ ሐበሻ የሌለበት አለ? እኔ ራሴ ብመጣና ያንን መስታወት ባይ፣ 'ዓመተ ምሕረት፣ ውይ የኛ ነው' ብዬ ጮክ ብዬ ነው የማነበው። ሐሰን አጠገቤ ቢሆንስ?"

እጄ ጸጉሯ ላይ ቀረ። ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እውነትም አንድ ሰው ያነበዋል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ ያ አረንጓዴ ቬልቬት ላይ፣ ኡስታዝ ቀና ብለው ቆመው። አንገታቸውን የምሰብረው ከነገርኳቸው ሳይሆን ካልነገርኳቸው ነው።

ሹሩባዋን ጨርሼ ዋጋ አልተቀበልኳትም። "ምነው?" አለች። ለምክሩ አልኳት። "እንግዲያው በየሳምንቱ ልምከርሽ" ብላ ሄደች።

ሐሙስ

ለአባዬ ነገርኩት። ነገ ዘጠኝን ይዤ እሄዳለሁ፣ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ መልሺ ካሉኝ እመልሳለሁ አልኩት።

"ነገ ይጽደቅና ቅዳሜ ንገሪው" አለኝ። ቀስ ብሎ፣ አጮልቆ። ይሄ ሰው በወጣትነቱ ለእውነት ብሎ የታሰረ ሰው ነው።

"አባዬ" አልኩት።

"ምን አባዬ። ካርድ ነው።"

"ካርድ ከሆነ ለምን ትራስህ ሥር ታሳድረዋለህ?"

አኮረፈኝ። ሽሮውን ሳይነካ ተነሣ። ጋሽ ተፈሪ ሲመጣም ራሴን አሞኛል አለው። ከህረባው፣ መብራቱ፣ ጠፍቶ ነበርና ቤቱ እንደ ምድጃ ይግላል፤ እሱ ግን ክፍሉን ዘግቶ ገባ። ሳራ በሩ ላይ ጆሮዋን አስጠግታ ቆየችና "ማማ፣ ጅዱ እያወራ ነው፣ ለብቻው" አለችኝ። አያቷን ነው ጅዱ የምትለው። ለብቻው አልነበረም። ከማን ጋር እንደሚያወራ አውቄዋለሁ።

እኔ ራሴ ክፉኛ አለቀስኩ። ለአባቴ አንድ ነገር አመጣሁለት፣ በሕይወቴ አንድ ነገር፣ እሱንም ልወስድበት ነው። ነገ ሃሳቤን እንዳልቀይር ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው። አስካለ፣ ነገ ሂጂ።

ዓርብ

ሄድኩ።

ጠዋት ተነሥቼ ስመለከት ዘጠኝ ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። በታጠበ ነጭ መሐረብ ተጠቅልሎ፣ ከላይና ከታች ካርቶን ተደርጎለት። አባዬ ደጃፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ሳልፍ "ጫፉ እንዳይታጠፍ፣ አደራ" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ይሄን ብቻ ሲል ግን ኩርፊያው እንዳለቀ ገባኝ። ግንባሩን ስሜ ወጣሁ።

ሌሎቹ ሳይመጡ ብዬ ቀድሜ ደረስኩ። ኡስታዝም ቀድመው መጥተው ባንበሯ ላይ፣ እዚያች አጭር መቀመጫቸው ላይ፣ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። የቡድኑን ፎቶ በላስቲክ ከረጢት አድርገው ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል።

መንገድ ላይ ብዙ መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋብኝ። "ኡስታዝ፣ ቁጥሩ በኛ አቆጣጠር ነው። የኛ ዘመን ከናንተ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ይቀራል። ይህ ካርድ የሰባ ወይ የሰባ አንድ ነው። እኔም እሑድ ዕለት ነው ያወቅሁት" አልኳቸው።

ካርዱን አወጡ። "የትኛው ነው ቃሉ?" አሉኝ። ዓ.ም. ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ያቺን ደቃቅ ፊደል ረጅም ጊዜ አዩዋት። ሻይ ሻጯ ስኳሯን ማማሰል አቆመች፤ የካርድ ወሬ ባይገባትም ነገር እንዳለ ታውቃለች።

"ለሐሰን ነግሬዋለሁ" አሉ ኡስታዝ።

"አውቃለሁ።"

"ማክሰኞ ቤቴ የመጣሽው ለዚህ ነበር?"

"አዎ። አቃተኝ።"

የቡድኑን ፎቶ መለሱልኝ። እጃቸውን ዘረጉ። መሐረቡን ፈትቼ ዘጠኝን ሰጠኋቸው። ጫፉን አላዩም፤ እንዳልታጠፈ ያውቃሉ። "አላህ ይባርክሽ" አሉ፣ ደረቅ ብለው፣ ኪሳቸው ከተው ቁልፉን ዘጉ። ስለ ሁለተኛዋ ዘጠኝ ምንም አላሉም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ተቀይመዋል። ሰው ያልተቀየመ መስሎ ሲቀመጥ ያስታውቃል።

ሌሎቹ ተሰበሰቡ። ሐሰን ገና ከመኪናው ሲወርድ "የት አለ ሽማግሌው ካርድ?" ብሎ መጣ። መሬት ብትውጠኝ ብዬ ነበር። ኡስታዝ ግን ተነሥተው ቆሙ። ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩ ሆነው፣ ቀስ ብለው፣ የሐበሻ ዘመን ከነሱ እንዴት እንደሚለይ ከመነሻው አስረዱ። መጨረሻ ላይ "ተሳስቼ ነበር። የሐሰን ካርድ ይበልጣል። ይህን ማንም ሳይጠይቃት መጥታ የነገረችኝ አስካለ ናት" አሉ።

ሐሰን ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከዚያ አየኝ፣ ኪሳቸውን አየ፣ ባዶ መሐረቤን አየ። የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ማን ምን እንዳጣ ለማስላት ጊዜ አይፈጅበትም። "ዘጠኝን መለስሽ?" አለኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አፉን ዘጋ። ቆይቶ የራሱን ካርድ ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠኝና "እስቲ የኔንም እይልኝ፤ በሒጅራ አቆጣጠር እንዳይሆን" አለ። ሁሉም ሳቁ። ኡስታዝም፣ ትንሽ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ገርሞኛል። የጥርስ ሐኪሙ አልበሙን ሰጠኝ፤ ከምሥራቅ የመጡ፣ ምን እንደሆኑ የማያውቃቸው ካርዶች አሉት። ሌላው ደግሞ የሱን። እስኪመሽ አማርኛ የተጻፈባቸውን ሳነብላቸው ቆየሁ። ማንም እስከ ዛሬ አልበሙን ለሌላ ሰው አሳልፎ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም፤ እዚያ ሁሉም በራሱ እጅ ይዞ ነው የሚያሳየው።

ስንለያይ ኡስታዝ "ዐውደ ርእዩ ላይ ነይ" አሉኝ። እንደ ድሮው አይደለም። ግን ነይ አሉኝ።

በራክሻ ስመለስ መሐረቡን ይዤ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ምን እንዳኮራኝ እንጃ። ያለኝ ሃያ ሦስት ካርድ ነው፣ እንደ ባለፈው ሳምንት።

"ወሰደው?" አለ አባዬ። ወሰዱት አልኩት። "እሺ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኩራቴ በሩ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ

ደንበኛ አልነበረኝም፤ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ደጃፉ ላይ አባዬና ጋሽ ተፈሪ ዳማቸውን ዘርግተዋል። ድምፃቸው በመስኮቱ ይገባል።

"ተፈሪ" አለ አባዬ። "ዘጠኝ አለ።"

የዳማው ጠጠር ቆመ።

"ምን አልክ?"

"አለ። አንተ ነህ ትክክል። እኔ ተሳስቼ ኖሬአለሁ። ካልሲው አንዱ ወርዷል፣ ጸጉሩን ከጎን ነው የከፈለው።"

ሽንኩርቱን ተውኩት። አባዬ ተሳስቼ ሲል በዚህ ዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። ጋሽ ተፈሪ ይጨፍራል ብዬ ነበር። እሱ ግን ተጠራጠረ።

"የት አየኸው?"

"እዚሁ ቤቴ። ሳምንት አድሯል። ትራሴ ሥር።"

"እስቲ አሳየኝ።"

"የለማ አሁን። አስካለ መለሰችው። ሰውየው ዘመኑን ተሳስቶ ነበር፤ ነገረችውና መለሰች።"

ጋሽ ተፈሪ ሳቀ። "አየህ፣ ስታረጅ ውሸትህም አረጀ። ሃምሳ ዓመት የለም ስትል ኖረህ፣ አሁን ደግሞ ነበረ፣ ግን መለስነው? ዘጠኝ ቁጥርን? እኔና አንተ ለሱ ብለን የእናቶቻችንን መቀነት ፈትተናል፤ ያንን እጁ አስገብቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው የሚመልስ ሰው ከየት ይመጣል? እንዲህ ያለ ሰው የለም።"

የአባዬ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ፤ ቀና ብሎ መቀመጡ ነበር።

"አለች" አለ። "እኔ ነኝ የወለድኳት።"

ጋሽ ተፈሪ ከዚያ በኋላ አልሳቀም። ቆይቶ "ካልሲው የቱ ነው የወረደው፣ የግራው ነው የቀኙ?" ሲል ሰማሁት፤ አባዬም ይነግረው ጀመር። ሻይ ላወጣላቸው ትሪውን አንሥቼ ነበር። ፊቴን እስክታጠብ ድረስ መልሼ አስቀመጥኩት።